«ምርቃናው ነው» ብሎ ከማለፍ በፊት፦ ካናቢስ የሚያጨስ ታዳጊን ለመርዳት

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ታዳጊ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ሲጠራጠርና ከሰው ሲሸሽ ቤተሰቡ በቅድሚያ የሚለው «ምርቃናው ነው፤ ሲበርድለት ይተወዋል» የሚል ነው። ብዙ ጊዜም እውነት ይሆናል። ይሁን እንጂ ከበርጫው ጎን ጋንጃ ወይም ሀሺሽ የሚባለው ካናቢስ ካለበት፣ በጫት እየተመካኘ የሚያልፈው ጊዜ ሕክምናው የሚዘገይበት ጊዜ ስለሚሆን፣ የወላጅ ቀዳሚ ሥራ ሁለቱን ለይቶ ማየት ነው።

ጫት የቃመ ልጅ የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል፣ ወሬ ያበዛል፣ ነቅቶ ያድራል። ካናቢስ ያጨሰ ግን ዓይኑ ይቀላል፣ አፉ ይደርቃል፣ ከማዕድ ተነሥቶ ብዙ ሳይቆይ እንደገና ይርበዋል፣ የተነገረውንም ቶሎ ይረሳል። ምርቃናውን አብርዶ ለመተኛት ሲል ማታ የሚያጨስ ልጅ ምልክቶቹ ስለሚደባለቁበት፣ ከአንድ ቀን ሁኔታው ይልቅ የሳምንታቱን አካሄድ ይከታተሉ። ለዚህ ተራ ደብተር ይበቃል። «ተጠራጣሪ ሆኗል» ብለው ከመጻፍ ይልቅ፣ «ማክሰኞ እራት ላይ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ መቀመጥ እንቢ አለ፤ የስልኩን ካሜራ በፕላስተር ሸፈነ፤ በረንዳ ላይ ያሉት ጎረቤቶች የሚያወሩት ስለ እኔ ነው አለ» ብለው ከነቀኑ ቢያሰፍሩት ሐኪሙን እጅግ ይረዳዋል።

ዕድሜው የሚያሳስበው የሰው አእምሮ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ እድገቱን ስለማይጨርስ ነው። በፈረንጆቹ 1987 የታተመና ከ45 ሺህ በላይ የስዊድን ምልምል ወታደሮችን ለ15 ዓመታት የተከታተለ ጥናት፣ ከ50 ጊዜ በላይ ካናቢስ የተጠቀሙት ስኪዞፍሬንያ በተባለው የአእምሮ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ካልተጠቀሙት 6 እጥፍ ያህል ሆኖ አግኝቶታል። ያጨሰ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ አብዛኞቹ አይታመሙም። በቤተሰቡ ተመሳሳይ ሕመም ያለበት ልጅ ግን አደጋው ከፍ ይላል። ስለዚህ ቤተ ዘመዱን ጠይቁ፤ «ዛር አለበት» እየተባለ የኖረ አጎት ምናልባት ሐኪም ያላየው ታማሚ ሊሆን ይችላል።

ልጁን ሲያነጋግሩ እንግዳ ባለበት፣ ወይም አጭሶ በገባበት ሰዓት አይሁን። ከዐሥር ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበርድ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ዛፎች ሥር ጎን ለጎን እየተራመዱ ማውራት ፊት ለፊት አስቀምጦ ከመመርመር ይሻላል። ከ«ታጨሳለህ አይደል?» ይልቅ «ሌሊት ስትንቆራጠጥ እሰማሃለሁ፤ እንቅልፍ ካጣህ ስንት ቀን ሆነህ?» በሚለው ይጀምሩ። ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ እንደሚሰማው ቢነግርዎ «ምንም የለም» ብለው አይከራከሩት፤ መፍራቱን እንደተረዱለት ብቻ ያሳዩት።

ቀጣዩ በአቅራቢያ ያለ ጤና ጣቢያ ነው። የሚያጨሰውን፣ የሚቅመውንና የሚጠጣውን ሳይደብቁ ይንገሩ። ራሱን ወይም ሌላውን እንዲጎዳ የሚያዝዝ ድምፅ ከሰማ፣ ስለ መሞት ካወራ፣ ወይም እህል ውኃ እንቢ ካለ ግን ያኔውኑ ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል፣ ሐረር ከሆኑም ወደ ሕይወት ፋና ይውሰዱት፤ ገመድ፣ ስለትና ፀረ ተባይ መድኃኒትም ከቤት ያርቁ። ትኩሳት ይዞት የሚቃዥ ከሆነ ደግሞ በካናቢስ ከማመካኘትዎ በፊት የደም ምርመራ ይደረግለት፤ ወባም ደንጌም ያሉበት ከተማ ነው።

ጠበልም ሆነ ሩቅያ (ቁርኣን እየተቀራ የሚደረግ የፈውስ ጸሎት) ለቤተሰብ መጽናኛ መሆኑን አልቃወምም፤ ነገር ግን የታዘዘለት መድኃኒት በዚያ ምክንያት አይቋረጥ፣ ልጁም አይታሰር።

በየቀኑ ያጨስ የነበረ ልጅ ሲያቆም ከአንድ ወይም ሁለት ቀን በኋላ ቁጡ ይሆናል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ምግብ ያስጠላዋል፣ ሕልሙም ይበዛል። ይህ በመጀመሪያው ሳምንት ይብስና አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ይቀንሳል፤ እስከዚያው ውኃ በብዛት ይጠጣ፣ ቀን አይተኛ፣ በርጫውንም አብሮ ይተው፤ ያለዚያ እንቅልፉ አይመለስም። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላም ጥርጣሬው ወይም ድምፁ ካልለቀቀው፣ የቀጠሮውን ቀን ሳይጠብቁ ደብተሩን ይዘው ወደ ሐኪሙ ይመለሱ።