አዲስ የገባው ኮራል ሥጋው ሲላጥ ምክንያቱን እንዴት እንደምንለይ

ሱሉልታ ወይም ለገጣፎ ላይ ቤቱ ውስጥ የባህር ውሃ አኳሪየም ያለው ሰው ብርቅ ነው። ኮራሉ ሲታመም «እስቲ ና እየው» የሚባል ጎረቤት አይገኝም። ስለዚህ ምርመራው የእናንተው ሥራ ነው። የሚያስፈልገው ስልክ፣ ነጭ የእጅ ባትሪ፣ ማጉያ መነጽር፣ መርፌው የወጣለት ስሪንጅ እና የውሃ መመርመሪያ ኪት ነው። መድኃኒቱ ይቆይ። መብራት ቀንሳችሁ፣ ውሃ ቀይራችሁ፣ ጠብታም ጨምራችሁ ሁሉንም በአንድ ቀን ከነካካችሁት፣ ኮራሉ ቢድንም ቢሞትም ምን እንደሆነ አታውቁም።

እውነት ሥጋው ሄዷል?

ሰማያዊውን መብራት አጥፉና በነጭ ብርሃን እዩት። ሰማያዊ መብራት ሥር ኮራል ስለሚያበራ የታመመውም ጤነኛ ይመስላል። ኮራል እንስሳ ነው፤ ሥጋው ውስጥ ግን ምግብ የሚያዘጋጁለት ጥቃቅን አልጌዎች ይኖራሉ። አልጌዎቹ ሲለቁት ይነጣል። ያኔ በማጉያ ብታዩት ሥጋው እንደ ስስ ላስቲክ አጽሙን ሸፍኖ ታገኙታላችሁ፤ ፖሊፖቹም፣ ማለትም አበባ የሚመስሉት የኮራሉ ትንንሽ አካላት፣ ብቅ ይላሉ። ሥጋው ከተላጠ ግን የአጽሙ ቀዳዳዎች ጥርት ብለው ይታያሉ፤ በጤነኛውና በባዶው መካከልም ግልጽ ድንበር አለ። መንጣት ሌላ፣ መላጥ ሌላ።

ሁለት ነገር ደግሞ ያለምክንያት ያስደነግጣል። አክሮፖራ የሚባለው ቅርንጫፋም ኮራል ጫፉ እያደገ ከሆነ በተፈጥሮው ነጭ ነው። አዲስ የመጣ ኮራል ደግሞ ለቀናት ተሸብሽቦ ሊቆይ ይችላል። ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ ደብዘዝ ባለ ቀይ ብርሃን እዩት፤ ቀን ተደብቆ የዋለው ያን ጊዜ ሊከፈት ይችላል።

መቼ ጀመረ?

አሁን የተላጠ አጽም ንጹህ ነጭ ነው። ቀናት ሲያልፉ አረንጓዴ ወይም ቡናማ አልጌ ይለብሳል። በመጣበት ቀን አልጌ የለበሰ ቁስል ከነበረው፣ ችግሩ እናንተ ቤት አልጀመረም። ድንበሩን ጠዋትና ማታ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን ፎቶ አንሱት። ፎቶዎቹን ስታስተያዩ ድንበሩ ካልተንቀሳቀሰ ጊዜ አላችሁ። ከጠዋት እስከ ማታ በግልጽ ከገፋ ግን የለም።

የት ጀመረ?

እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ይህንን ነው። ወደ መብራቱ የዞረው ፊት ብቻ ከሳሳ፣ ብርሃኑ በዝቶበታል። ጎረቤት ኮራል ባለበት ጎን ከሆነ ተነድፏል፤ ቶርች፣ ሐመርና ጋላክሲያ የሚባሉት ኮራሎች ማታ ማታ ረጃጅም መናደፊያ ይዘረጋሉ። የተሰበረ ጫፍ ወይም ሹል አጽም ላይ የተቀደደ ሥጋ የመንገድ ጉዳት ነው። ከሥሩ ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ ላይ የሚወጣ መላጥ ብዙ ጊዜ የውሃ መዋዠቅን፣ በተለይ የአልካላይኒቲን (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅም)፣ ያስጠረጥራል።

አክሮፖራ ላይ ክብ ክብ ነጠብጣብ ካያችሁ ጠፍጣፋ ትል እየበላው ሊሆን ይችላል። ሞንቲፖራ የሚባለው ኮራል ከሆነ ገልብጡትና ከሥሩ ትንንሽ ነጭ የባህር ቀንድ አውጣ ፈልጉ። ኮራሉን ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ሳህን ውስጥ አድርጉና በስሪንጁ ውሃ እየረጫችሁ አራግፉት፤ ትል ካለ ሳህኑ ላይ ይወድቃል። እንቁላሉ ግን ተጣብቆ ስለሚቀር ሥሩን በማጉያ ፈትሹ። ቶርች ወይም ሐመር ላይ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ካለና ከሸተተ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ለብቻው አውጡት፤ ወደ ሌሎቹ ይዛመታል።

ሌሊቱን መርምሩ

ሌሎቹም ኮራሎች አብረው ከተሸበሸቡ ጥፋቱ የእንግዳው አይደለም፣ የውሃው ነው። በእኛ አካባቢ ደግሞ በሽታ ከመጠርጠር በፊት ሌሊቱን መጠርጠር ይሻላል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባህር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ሌሊት አልጌው ኦክስጅን መሥራት ያቆማል፤ ያለውን ሁሉም ይሻማበታል። በዚህ ላይ መብራት ይጠፋና ፓምፑም ሂተሩም ይቆማሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ቁር ውሃው እስኪነጋ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ገምቱት። እናንተ ከእንቅልፍ ስትነቁ መብራቱ መጥቷል፣ ሁሉም ሰላም ይመስላል።

ስለዚህ የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት መዝግቦ የሚይዝ ቴርሞሜትር አስገቡ። ውሃው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ውስጥ ማደር አለበት። በባትሪ የሚሠራ ኤር ፓምፕ ከየትኛውም ውድ ጠብታ ይበልጣል ባይ ነኝ።

የቀረው ቁጥር ነው። ጨዋማነት 35 ግራም በኪሎ፣ አልካላይኒቲ 8 ወይም 9 ዲኬኤች (የአልካላይኒቲ መለኪያ)፣ ካልሲየም ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም በሊትር፣ አሞኒያ ዜሮ። በበጋው ደረቅ አየር ውሃው ቶሎ ስለሚተን ጨውነቱ ይጨምራል፤ የጎደለውን የምትሞሉት በተጣራ ጨው አልባ ውሃ ነው። የቧንቧና የጉድጓድ ውሃ ሳይጣራ አይግባ። መዳብ ካለበት ለኮራል መርዝ ነው።

አሁን እጃችሁን አስገቡ

የመንገድ ቁስል ከሆነና ካልገፋ አትንኩት። ብርሃን ከሆነ ወደ ታች አውርዱት፤ ንድፊያ ከሆነ አራርቁ። ቡናማውን ዝልግልግ በቀጭን ቱቦ ስባችሁ ድፉት፤ ወደ አኳሪየሙ እንዳይመለስ። በሰዓታት ውስጥ የሚገፋ መላጥ ከሆነ ከድንበሩ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ወደ ጤነኛው ገብታችሁ ቁረጡ፤ የተረፈውን በሱፐር ግሉ ጄል አዲስ ድንጋይ ላይ ለጥፉ። ዞአንቲድ የሚባሉትን ለስላሶች ግን ያለ ጓንትና ያለ መነጽር እንዳትቆርጡ፣ በፈላ ውሃም እንዳታጥቡ። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ለሰው አደገኛ መርዝ አላቸው።

እየዳነ ያለ ቁስል ጠርዙ ወፈር፣ ክብብ ይላል፤ ከዚያ ሥጋው ባዶውን አጽም ቀስ እያለ መልሶ ይሸፍናል። አልጌ ከቀደመው በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አጽሙን ብቻ ፈግፍጉለት፣ ሥጋውን ሳትነኩ።