ከአሮጌ ኪሞኖ ቦርሳ ለምትሰፉ

ጃፓን አገር፣ ኪዮቶ ከተማ ውስጥ በቶጂ ቤተ መቅደስ ግቢ በፈረንጆች አቆጣጠር በየወሩ በ21ኛው ቀን ገበያ ይቆማል፤ አሮጌ ኪሞኖም፣ ማለትም የጃፓኖች ባህላዊ ረጅም ልብስ፣ ይሸጥበታል። እዚያም ግዙ ሌላ ቦታ፣ ቀለሙ አያታላችሁ። መጀመሪያ ወደ ብርሃን አንሱትና የሳሳ ቦታ ካለው እዩ። ከዚያ ስፌቱ አጠገብ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሳብ አድርጉት። ጠረር የሚል የመቀደድ ድምፅ ካሰማ ወይም በስፌቱ ዳር ክሩ ከተከፈተ፣ የፈለገ ቢያምር ተዉት፤ ያረጀ ሐር ቁልፍና ስልክ አይሸከምም።

ደግነቱ ኪሞኖ የሚሰፋው ወርዱ 36 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ከሆነ ጠባብ ጨርቅ፣ በአብዛኛው ቀጥ ቀጥ ተደርጎ ተቆርጦ ስለሆነ፣ ወደ መቀስ ሳትሮጡ ስፌቱን ከተረተራችሁት ለቦርሳ የሚመች ረጃጅም ጨርቅ ታገኛላችሁ።

ውሃ ላይ ግን ተጠንቀቁ! ቺሪመን የሚባለው ሸካራ ሐር ከረጠበ ክፉኛ ይሰበሰባል። ካውያውም ያለ እንፋሎት፣ ለብ ብሎ፣ ስስ ጨርቅ ጣል ተደርጎበት ይሁን። ቀይ ገበር ካለው ጥግ ላይ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን አድርጉት፤ ቀለም ከለቀቀ ቦርሳው ውስጥ አታስገቡት።

ሐሩ ብቻውን ስለሚልፈሰፈስ ከጀርባው በካውያ የሚለጠፍ ደጋፊ ጨርቅ አድርጉለት። ለታችኛው ክፍልና ለማንጠልጠያው ደግሞ ኦቢ፣ ማለትም የኪሞኖው ሰፊ መቀነት፣ ወፍራምና ጠንካራ ስለሆነ እኔ ከሱ ሌላ አልመርጥም።