የቧንቧ ውሃችሁ ምን ሆኗል? መጀመሪያ ምልክቱን፣ ከዚያ ማጣሪያውን

ማጣሪያ ልትገዙ ካሰባችሁ ትንሽ ቆዩ። ሁሉን ነገር የሚይዝ ማጣሪያ የለም። የክሎሪን ሽታ የሚያጠፋው ፍሎራይድን ያሳልፋል። ጀርም የሚገድለው ዝገት አያስቀርም። ውሃው ውስጥ ያለውን ሳታውቁ የምትገዙት ዕቃ ገንዘባችሁን ከመብላት አያልፍም።

ለመጀመር ጥርት ያለ ብርጭቆ ይበቃል። ከቀዝቃዛው ቧንቧ ቅዱና ከኋላው ነጭ ወረቀት አድርጉ።

ወተት መስሎ ይወርዳል

ብርጭቆውን አስቀምጡና ተመልከቱት። ነጭነቱ ከታች ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ አየር ነው። መስመሩ ውስጥ በግፊት የታመቀው አየር ሲወጣ ጥቃቅን አረፋ ይሆናል። አይጎዳም፣ ማጣሪያም አይፈልግም። ቆይቶ ታች የሚዘቅጥ ነገር ካለ ግን ደለል ነው።

ቡናማ ወይም ቀላ ያለ ነው

እዚህ ላይ ሰው ብዙ ይሳሳታል፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። ቀለሙ የሚመጣው ከየትኛው ቧንቧ ነው?

ከሙቅ ውሃው ብቻ ከሆነ ችግሩ ያለው ቦይለሩ ውስጥ ነው። ታች የተጠራቀመ ዝገትና ደለል አለ። ኤሌክትሪኩን አጥፉ፣ ውሃው ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ አጥባችሁ አስወጡት። ከአንድ ቧንቧ ብቻ ከሆነ ወደዚያ የሚሄደው የብረት ቱቦ ዝጓል፤ መፍትሄው ቱቦውን መቀየር ነው።

ከሁሉም ቧንቧ ከሆነ ነገሩ ከውጭ ነው የመጣው። ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ ወይም ሰፈር ውስጥ ጥገና ሲኖር ግፊቱ በዋናው መስመር ግድግዳ ላይ የተጋገረውን ዝገት ይቀሰቅሰዋል። እስኪጠራ ድረስ ቀዝቃዛውን ክፈቱና አፍስሱት፤ ለመጸዳጃ ቤት ይሆናችኋል። እስከዚያ ነጭ ልብስ አትጠቡ፣ ሙቁንም አትክፈቱ፤ ቆሻሻው ቦይለር ውስጥ ይገባል።

ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ ከዝገቱ የከፋ ነገርም አለ። መስመሩ ውስጥ ግፊት ሲጠፋ፣ ቱቦው የተሰነጠቀበት ቦታ ካለ በዙሪያው ያለውን ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። አጠገቡ የፍሳሽ መስመር ካለ የሚገባው ምን እንደሆነ መገመት አያቅትም። ስለዚህ ጠፍቶ የመጣ ድፍርስ ውሃ ሲጠራም አፍልታችሁ ብቻ ጠጡት።

ስለ ማጣሪያው ደግሞ፦ ዱቄት መስሎ የሚታየውን ዝገት ቀዳዳው 5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የሆነ የደለል ፊልተር ይይዘዋል። ሲቀዳ ጥርት ብሎ፣ ሲቆይ ቡናማ የሚሆነው ግን የሟሟ ብረት ነው፤ ፊልተሩን አልፎ ይሄዳል። እሱ መጀመሪያ በአየር ወይም በክሎሪን ወደ ዝገት ተለውጦ ነው የሚጣራው። ውሃው ወደ ጥቁር ካደላ ማንጋኒዝ የሚባለውን ማዕድን ጠርጥሩ፤ በተለይ በጡጦ የሚመገብ ሕፃን ካለ ዝም ብላችሁ አትለፉት።

ክሎሪን ክሎሪን ይላል

ክሎሪኑ የተጨመረው ውሃው ቤታችሁ እስኪደርስ ጀርም እንዳይራባበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚያስቀምጠው ጣሪያ በሊትር 5 ሚሊግራም ነው፤ አፍንጫ ግን ከዚያ በጣም ባነሰ መጠን ይሸተዋል። በጆግ ቀድታችሁ ለሰዓታት ክፍት ብትተዉት ሽታው ይቀንሳል። የካርቦን (የከሰል) ፊልተር ደግሞ ወዲያው ያጠፋዋል።

አደራ፣ የካርቦን ፊልተሩን ከሮቶው በፊት አታስገጥሙ። ክሎሪኑ ከወጣ በኋላ ታንከር ውስጥ የሚቆም ውሃ ጠባቂ የለውም። ቦታው የምትጠጡበት ቧንቧ ጋ ነው።

የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል

ውሃውን በብርጭቆ ቅዱና ሌላ ክፍል ሄዳችሁ አሽቱት። ካልሸተተ ጥፋቱ የውሃው አይደለም፤ የማጠቢያው ፍሳሽ ነው። ሙቁ ብቻ ከሸተተ ቦይለሩ እንዳይዝግ ውስጡ የተገጠመው የማግኒዚየም ዘንግ ከባክቴሪያ ጋር ሆኖ የሚፈጥረው ጋዝ ነው። ባለሙያ በአሉሚኒየም ዘንግ ይቀይርላችሁ። አፈር አፈር የሚለው ሽታ ከዚህ ይለያል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግድቡ ውስጥ ካለ አልጌ ይመጣል። አይጎዳም፣ ካርቦን ያስቀረዋል።

ማንቆርቆሪያው ነጭ ቅርፊት ይይዛል

ካልሲየምና ማግኒዚየም ነው። ለጤና አያሰጋም። አቼቶ ጨምራችሁ ብታፈሉት ይለቃል። ሲንኩ ላይ አረንጓዴ የሚመስል ሰማያዊ እድፍ ካያችሁ ግን ውሃው የመዳብ ቱቦውን እየበላው ነው፤ አስመርምሩት።

ምንም ምልክት የለውም

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። እርሳስ፣ አርሴኒክ፣ ናይትሬትና ፍሎራይድ ለዓይን አይታዩም፣ አይሸቱም። የሚለያቸው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን ለእርሳስና ለአርሴኒክ በሊትር 0.01 ሚሊግራም፣ ለፍሎራይድ 1.5፣ ለናይትሬት 50 ነው።

እርሳስ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ከአሮጌ ቱቦ፣ ከብየዳና ከነሐስ መገጣጠሚያ ነው። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የፍሊንት ከተማ በ2014 እ.ኤ.አ. የውሃ ምንጯን ወደ ፍሊንት ወንዝ ቀየረች። ቱቦ እንዳይበላ የሚጨመረው ኬሚካል አልተጨመረም። አዲሱ ውሃ አሮጌዎቹን ቱቦዎች በላቸው፣ እርሳሱም ልጆች ወደሚጠጡት ውሃ ገባ። የልጅ አእምሮ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ አይመለስም።

እባካችሁ ይህን ያዙ፦ ማፍላት እርሳስንም ሆነ ናይትሬትን አያጠፋም። ውሃው እየተነነ ሲሄድ የቀረው ውስጥ ይበልጥ ይበዛሉ። ስለ እርሳስ ከጠረጠራችሁ ጠዋት መጀመሪያ የሚወርደውን አፍስሱት። ለመጠጥ፣ ለማብሰልና ለሕፃን ወተት ቀዝቃዛውን ብቻ ተጠቀሙ፤ ሙቅ ውሃ እርሳስን ይበልጥ ያሟሟል። ፊልተር ስትገዙ ካርቶኑ ላይ ኤንኤስኤፍ 53 (NSF 53) የሚል የደረጃ ምልክት ፈልጉ፤ እርሳስ ብሎ በስም መጥቀሱንም አረጋግጡ። ኤንኤስኤፍ 42 የሚለው ለጣዕምና ለሽታ ብቻ ነው። ለፍሎራይድ፣ ለናይትሬትና ለአርሴኒክ ሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃውን በግፊት በጣም ጠባብ በሆነ ስስ ሽፋን የሚያሳልፍ ማጣሪያ) ይሻላል።

ሆድ ያማል፣ ውሃው ግን ንጹሕ ይመስላል

ጀርም ከሆነ ማፍላትን የሚያህል የለም። መንተክተክ ከጀመረ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ካለፋችሁ ሦስት ደቂቃ አድርጉት። የአልትራቫዮሌት መብራትም ይገድላል፣ ግን ውሃው ጥርት ያለ መሆን አለበት። ድፍርስ ውስጥ ጀርሙ ከብርሃኑ ይደበቃል። ክሎሪንም ድፍርስ ውሃ ላይ ጉልበቱ ይደክማል። ስለዚህ ማጣራት ይቀድማል፣ መግደል ይከተላል።

ፊልተር አለኝ፣ ውሃው ግን ባሰበት

ካርትሪጁን፣ ማለትም ፊልተሩ ውስጥ የሚቀየረውን ክፍል፣ መቼ ቀየራችሁት? ጊዜው ያለፈበት ካርቦን የያዘውን መልሶ መልቀቅ ይጀምራል፣ ባክቴሪያም ይራባበታል። አምራቹ በሊትርና በወር የጻፈውን ተከተሉ፤ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ላይ ቀይሩ። የቀየራችሁበትን ቀን የፊልተሩ መያዣ ላይ በማርከር ጻፉት። አዲሱ ሲገባ መጀመሪያ ጥቁር ዱቄት ከወጣ የካርቦን ብናኝ ነው፤ እስኪጠራ አፍስሱት።