አምቡ ባጉ ይጨመቃል፣ ደረቱ አይነሳም፦ ምን ላድርግ?

ይሄ ጽሑፍ ጅማ ውስጥ ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ለምትሆኑ አዳዲስ ነርሶችና ሐኪሞች ነው። አምቡ ባግ በራሱ ለማይተነፍስ ሰው በማስክ በኩል አየር ለመስጠት በእጅ የሚጨመቅ ከረጢት ነው። መጀመሪያ ደረቱን እዩ። የሞኒተሩ የኦክሲጅን ቁጥር ዘግይቶ ነው የሚወርደው።

በማስኩ ጎን አየር ያፈተልካል

ማስኩ አልገጠመም ማለት ነው። ብዙ ሰው ያኔ ማስኩን ፊት ላይ ይጫነዋል። ይሄ አገጩን ወደ ኋላ ገፍቶ መተንፈሻውን ጭራሽ ይዘጋዋል። መንጋጋውን ወደ ማስኩ አንሱት። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ማስኩን ይያዙ፣ የቀሩት ሦስቱ የመንጋጋውን አጥንት ያንሱ። አገጭ ስር ያለውን ለስላሳ ስጋ አትጫኑ። በአንድ እጅ ካቃታችሁ አትታገሉ፤ አንዱ በሁለት እጁ ማስኩን ይያዝ፣ ሌላው ይጭመቅ። ማስኩን መያዝ ያለበት ልምድ ያለው ነው። ብዙ ጊዜ ግን ተገላቢጦሽ ነው የማየው።

ማስኩ ገጥሟል፣ ባጉ ግን አልጨመቅ ይላል

ምላስ ወደ ኋላ ወድቋል፣ ወይም ጉሮሮው ውስጥ ትውከት፣ ደም፣ ምራቅ አለ። በሰክሽን (ፈሳሽ በሚመጥ መሣሪያ) አጽዱ፣ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ አዘንብሉ። የባጃጅ አደጋ ከሆነ አንገቱን አታዘንብሉ፤ መንጋጋውን ብቻ ወደ ፊት ግፉ። ኦራል ኤርዌይ (ምላስ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ በአፍ የሚገባ መሣሪያ) ከከንፈር ጥግ እስከ መንጋጋ ማዕዘን ለክታችሁ አስገቡ። ካቅለሸለሸው አውጡት።

ምራቁ ቢጠረግም ቢጠረግም አያልቅም

ከገጠር ፀረ ተባይ ጠጥቶ የመጣ ሰው ላይ ይሄን ታያላችሁ። ሰክሽን ብቻውን አይበቃም፤ ፈሳሹን የሚያደርቀው መድኃኒት፣ አትሮፒን፣ ያስፈልጋል። ለአዋቂ ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም ይጀመራል። ሳንባው ካልጠራ በየ5 ደቂቃው መጠኑ እጥፍ ይደረጋል። ልቡ ፈጠነ ብላችሁ አታቁሙ፣ የምትጠብቁት ሳንባው እስኪደርቅ ነው። መብራት ቢጠፋስ? የእግር ሰክሽኑ አልጋው አጠገብ ይሁን።

ሆዱ ይነፋል

በድንጋጤ እየፈጠናችሁ፣ አየርም እያበዛችሁ ነው። የአዋቂ ባግ 1.5 ሊትር ገደማ ይይዛል፣ የሚያስፈልገው ግን 500 እስከ 600 ሚሊሊትር ብቻ ነው። ልቡ የሚመታ ከሆነ በየ6 ሰከንዱ አንዴ፣ በ1 ሰከንድ ቀስ ብላችሁ ጨምቁ። ደረቱ መነሳት እንደጀመረ ይበቃል።

ደረቱ ይነሳል፣ ኦክሲጅኑ አይጨምርም

ከባጉ ጀርባ ያለው ከረጢት ተነፍቷል? ቱቦው ሲሊንደሩ ላይ ተሰክቷል? ሲሊንደሩስ ባዶ አይደለም? ፍሰቱን ከ10 እስከ 15 ሊትር አድርጉት። «ጅማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ነው» የሚል አይጠፋም። የጅማ ከፍታ የኦክሲጅን ቁጥሩን ጥቂት ይቀንሰው ይሆናል እንጂ 80 በመቶ አያደርሰውም።