ፈረንሳይን ከልጆች ጋር እንዴት መጎብኘት ይቻላል? ከወረቀት ዝግጅት እስከ ኦንዳይ የባሕር ዳርቻ

ጀርመን፣ ቤልጂየም ወይም ሆላንድ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ፈረንሳይ ሩቅ አይደለችም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆችን ይዞ ለመሄድ የሚያስፈልገው ከገንዘቡ ይልቅ አስቀድሞ ማሰብ ነው። በአንድ ሳምንት ስድስት ከተማ ለማዳረስ የሚሮጥ ቤተሰብ ልጆቹን ያደክማል እንጂ አገር አያሳይም። ስለዚህ የማቀርበው ጉዞ ሁለት ማረፊያ ብቻ አለው፦ ፓሪስ፣ ከዚያም በስፔን ድንበር ላይ ያለችው ትንሿ ኦንዳይ። ኦንዳይን የመረጥኩት ልጆቻችን እዚያ የሚያዩት፣ ሌላ ቦታ የማያገኙት ነገር ስላለ ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱን ጨርሱ

በሼንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው በፓስፖርቱና በፈቃዱ ብቻ ፈረንሳይ ገብቶ በ180 ቀናት ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ይችላል። የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ያላቸውም እንዲሁ። የጥገኝነት ጥያቄያቸው ገና ውሳኔ ያላገኘ ግን የያዙት ወረቀት ድንበር አያሻግርምና ውሳኔውን ቢጠብቁ ይሻላል። እያንዳንዱ ልጅ፣ ሕፃን ቢሆንም፣ የራሱ ሰነድ ይኑረው። በባቡርም በመኪናም ፍተሻ ሊያጋጥም ስለሚችል ዋናዎቹን ሰነዶች በእጅ ቦርሳ ያዙ።

ሎንዶን ለሚኖሩ ነገሩ ይለያል። ብሪታንያ የሼንገን አባል ስላልሆነች በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ቪዛ ያስፈልገዋል። ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ጀምሮ፣ ቢዘገይ እስከ 15 ቀን ድረስ ይቀርባል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ 45 ዩሮ ሲሆን፣ ከ6 ዓመት በታች ነጻ ነው።

ቀኑን ስትመርጡ ቅዳሜን ሽሹ

በሐምሌና በነሐሴ ቅዳሜ ቅዳሜ ፈረንሳይ በሙሉ መንገድ ላይ የወጣች ይመስላል። በተለይ በጁላይ መጨረሻና በኦገስት መጀመሪያ የሚመለሰውና የሚሄደው ሕዝብ አውራ ጎዳና ላይ ይገናኛል። ቢዞን ፉቴ የተባለው የመንግሥት የትራፊክ መረጃ አገልግሎት ቀኖቹን በአረንጓዴ፣ በብርቱካናማ፣ በቀይና በጥቁር ይመድባል። ጥቁር በተባለ ቀን ልጆች ጭኖ መውጣት ራስን መቅጣት ነው። በመኪና ከሄዳችሁ አብዛኛው አውራ ጎዳና እንደሚያስከፍል፣ የፍጥነት ወሰኑም በደረቅ መንገድ 130፣ በዝናብ 110 ኪሎ ሜትር እንደሆነ አስታውሱ።

ለእኔ ግን ከባቡር የሚበልጥ የለም። ከፍራንክፈርት ፓሪስ አራት ሰዓት ያህል ነው። ከ4 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በወላጁ ጭን ተቀምጦ በነጻ ይሄዳል። የትኬት ዋጋ ቀኑ በቀረበ ቁጥር ስለሚወደድ ሽያጭ እንደተከፈተ ግዙ። ከጀርመን የሚመጣው ባቡር የሚያደርሳችሁ ፓሪስ ውስጥ «ጋር ደ ለስት» ወደሚባለው ጣቢያ፣ ወደ ኦንዳይ የሚሄደው የሚነሳው ደግሞ ከሞንፓርናስ ጣቢያ ነው። ሁለቱን ጣቢያዎች 4ኛው የሜትሮ መስመር ያለ ቅያሪ ያገናኛቸዋል። የሕፃን ጋሪ ካላችሁ ግን የሜትሮው ደረጃ ብዙ ስለሆነ በአውቶቡስ መሄድ ይቀላል።

ማረፊያና ምግብ

ፓሪስ ውስጥ ትንሽ ክፍል ይበቃል፤ ቀኑን ውጭ ነው የምትውሉት። ኦንዳይ ላይ ግን ወጥ ቤት ያለው ቤት ተከራዩ። ፈረንሳዮች ጂት የሚሉት የዕረፍት ቤት በጁላይና በኦገስት ብዙውን ጊዜ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ይከራያል፤ አንሶላና ፎጣ በዋጋው ውስጥ መኖሩን ሳትጠይቁ አትዋዋሉ። በየከተማው ማረፊያ ላይ የሚጨመረው የጎብኚ ግብር ከ18 ዓመት በታች ያሉትን አይመለከትም።

ወጥ ቤቱን የምመክረው በፍልሰታ ምክንያት ነው። ጾሙ የሚውለው ከኦገስት 7 እስከ 21፣ በዕረፍቱ እምብርት ላይ ነው፤ አገር ቤት ሕፃናት ሳይቀሩ የሚጾሙት ጾም በመሆኑ ብዙ ወላጆች ሊያስቀሩት አይፈልጉም። የፈረንሳይ ምግብ ቤት ደግሞ ቅቤ ይወዳል። ሽሮና በርበሬ ከቤት ያዙ፤ ቀሪውን ከገበያ ታገኛላችሁ። ባህላዊው ባጌት በ1993 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ መሠረት ከዱቄት፣ ከውሃ፣ ከጨውና ከእርሾ ስለሚጋገር ለጾም ይሆናል፤ ክሯሳን ግን በቅቤ የተሠራ ነው። ከቲማቲም፣ ከባዴንጃንና ከዝኩኒ በዘይት የሚሠራው ራታቱይም ያለ ሥጋትና ያለ ብዙ ማብራሪያ የሚበላ የጾም ወጥ ነው። ከብሪታንያ የምትነሱ ቅቤና ቋንጣ አትያዙ፤ ሥጋና የወተት ውጤት ወደ አውሮፓ ኅብረት ይዞ መግባት ለመንገደኛ የተከለከለ ነው።

ውጭ ስትበሉ ምሳ ከቀትር እስከ ስምንት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ወጥ ቤት ይዘጋል፤ እራትም ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊት አይጀመርም። የተራበ ልጅ ይህን አይረዳምና ፍራፍሬና ዳቦ ከእጃችሁ አይጥፋ። ምግብ ካዘዛችሁ የቧንቧ ውሃ በማሰሮ በነጻ ይቀርባል፤ «ዩን ካራፍ ዶ» ማለት ብቻ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ሱቅ ስትገቡ «ቦንዡር» በሉ። ሰላምታ ሳያቀርብ ጉዳዩን የሚጀምርን ሰው ፈረንሳዮች እንደ እኛው ባለጌ ነው ይሉታል።

ፓሪስ ላይ ምን እናሳያቸው?

በብሔራዊ ሙዚየሞች ከ18 ዓመት በታች መግቢያ ነጻ ነው። ሉቭር ማክሰኞ፣ የቬርሳይ ቤተ መንግሥትና የአፍሪካንና የሌሎች አህጉራትን ቅርስ የያዘው ኬ ብራንሊ ሙዚየም ሰኞ ዝግ ናቸው። ሉቭርን በሁለት ሰዓት ወስኑት፤ ሰዓት የተወሰነበትን ትኬት አስቀድማችሁ ያዙና ልጆቹ የመረጡትን አንድ ክፍል ብቻ አሳዩአቸው።

ኬ ብራንሊን ግን አትለፉ። በጎንደር ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የተነሱ ሥዕሎች የዚህ ሙዚየም ስብስብ ናቸው። በ1932 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን ያቋረጠ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን አንስቶ ወሰዳቸው፤ በቦታቸውም ቅጂ አስቀመጠ። ለልጆች ይህን ሳትሸፋፍኑ ንገሯቸው። የማን እንደነበሩ፣ እንዴት እንደመጡ፣ አሁንስ የት መሆን እንደሚገባቸው ጠይቋቸው። ልጆች በእንዲህ ያለ ጥያቄ ላይ ከአዋቂ የበለጠ ቀጥተኛ ናቸው፤ መልሳቸው መደመጥ ይገባዋል።

ከፓሪስ ወደ ኦንዳይ

ከሞንፓርናስ እስከ ኦንዳይ አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ ቦርዶ ወርዳችሁ እደሩ፤ ቦርስ አደባባይ ፊት ለፊት ያለው የውሃ መስተዋት ጥልቀቱ ሁለት ሳንቲሜትር ብቻ ስለሆነ ሕፃናት በባዶ እግራቸው ይሯሯጡበታል።

ኦንዳይ ከባሕሩ በላይ ባለ ገደል ላይ የአንቷን ዳባዲ ግንብ ቆሟል። ዳባዲ በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን እየዞረ ተራራና ወንዝ የለካ፣ ካርታ ያነሳ፣ ከ200 በላይ የብራና መጻሕፍት የሰበሰበ ሊቅ ነበር፤ ብራናዎቹ ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ግንቡን በ1860ዎቹና በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ያሠራው ኖትር ዳም ካቴድራልን ባደሰው በቪዮሌ ለ ዱክ ንድፍ ነው። በር ላይ የድንጋይ አዞዎች ይቀበሏችኋል፤ ውስጥ የኢትዮጵያን ኑሮ የሚያሳዩ የግድግዳ ሥዕሎችና በግዕዝ ፊደል የተጻፉ ቃላት አሉ።

ስለዚህ ከመነሳታችሁ አንድ ወር በፊት ልጆቹን ፊደል አስቆጥሯቸው። ቅዳሜ ጠዋት በግድ የሚማሩት ሀ ሁ ከአትላንቲክ ዳር በቆመ የፈረንሳይ ግንብ ላይ ተጽፎ ሲያገኙት፣ የወላጅ ምክር የማያደርገውን ያደርጋል። ጽሑፉን እናንተ አታንብቡላቸው፤ እየፈለጉ እነሱ ያንብቡ፣ ታናሹም የሚያውቃትን አንዲት ፊደል ይጥራ። የጉብኝቱን ቦታ አስቀድማችሁ አስይዙና ለጠዋት አድርጉት፤ ከግንቡ አጠገብ በተከለለው የተፈጥሮ ሥፍራም የእግር መንገድ አለ።

ከሰዓት በኋላ ወደ አሸዋው ውረዱ። የባሕር ዳርቻው ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ውሃውም ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው። ቢሆንም አትላንቲክ ውቅያኖስ ነውና ልጆች የሚዋኙት ነፍስ አድን ሠራተኞች በቀይና ቢጫ ባንዲራ በከለሉት ቦታ ብቻ ይሁን።