ተከላካይ አገር ሲቀይር

ጎንደር አዘዞ ላይ ልጆችን እግር ኳስ አሠለጥናለሁ። በየጊዜው ከመካከላቸው አንዱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ እስራኤል ይሄዳል፤ መሄጃው ሲቃረብም «ጋሼ፣ እዚያ መጫወት እችላለሁ?» ይለኛል። አጥቂ ከሆነ አልጨነቅም፤ እግሩ ይናገርለታል። ተከላካይ ከሆነ ግን «ቁጭ በል» እለዋለሁ። የተከላካይ ግማሽ ሥራው በአፉ ነው፤ አዲስ አገር ደግሞ መጀመሪያ የሚዘጋው አፍን ነው።

ስለዚህ ሻንጣህን ከማሰርህ በፊት ስምንት የዕብራይስጥ ቃላት አጥና። ያሚን ቀኝ፣ ስሞል ግራ፣ ሾዔር ግብ ጠባቂ፣ ባላም የመሐል ተከላካይ፣ ማጌን የመስመር ተከላካይ፣ ኒቭዳል ከጨዋታ ውጪ፣ ኬሬን የማዕዘን ምት፣ ካዲማ ወደፊት። ኬሬን ቀንድ ማለት ነው፤ የግእዙ «ቀርን» ወንድም ነው። ያሚንም «የማን» ነው። ከቄስ ትምህርት ቤት የተረፈኝ ይህ ብቻ ስለሆነ እኮራበታለሁ።

ከስምንቱ ነፍስ ያለችው ካዲማ ናት። አራት ተከላካዮች በአንድ ድምፅ ወደፊት ሲወጡ አጥቂው ከጨዋታ ውጪ ይቀራል። አንዱ ሳይገባው ወደኋላ ከቀረ ግን ሦስቱ የለፉት ከንቱ ነው፤ አጥቂው ብቻውን ከግብ ጠባቂው ጋር ይፋጠጣል። ያ አንዱ አንተ እንዳትሆን። ቃሉን ወንበር ላይ ተቀምጠህ አትሸምድደው፤ እየሮጥህ ጩኸው። እኛ አምስት ለአምስት እንጫወታለን፤ አማርኛ የተናገረ ይወጣል። የመጀመሪያው ቀን ቀድሜ የወጣሁት እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ነገር አየሩ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የእስራኤሏ ኔታንያ ደግሞ ባሕር ዳርቻ ናት። ታች አየሩ ስለሚወፍር ረጅም ኳስ ቶሎ ይወድቃል። እዚህ እንደለመድኸው ካፈገፈግህ ኳሱ ከፊትህ ያርፋል፣ አጥቂውም ይቀድምሃል። በመጀመሪያው ሳምንት ግብ ጠባቂውን ለምነህ ሃያ ያህል ረጅም ኳሶች ያስመታልህ፤ አንተ የሚያርፉበትን ብቻ እይ።

ወረቀት ይሰለቻል፤ ግን ስማኝ። ካሠለጠንኋቸው አንዱ ጥቅምት 2000 ዓ.ም. ነበር የተወለደው። ቅጹን የሞላለት ሰው ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሲለውጠው 8 ደምሮ 2008 አለ፤ ትክክሉ 2007 ነው። ሁለት ወረቀቶቹ ሳይስማሙ ቀርተው ወራትን ከሜዳ ዳር ቆሞ አሳለፈ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ይደመራል፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8። ራስህ ቁጠረው፤ የማንንም ቁጥር አትመን።

«ብቻህን ልላክህ፣ ክለብ አለኝ» የሚልህ ደላላም አለ። የፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአገር አገር እንዳይዛወር ይከለክላል። ከሚፈቀዱት ጥቂት ሁኔታዎች አንዱ ወላጆች ከእግር ኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት ሲሰደዱ ነው። የአንተ ጉዳይ ይህ ከሆነ የቤተሰብህን የጉዞ ሰነድ ኮፒ አስቀምጥ። ደላላውን አባርረው።

ከእናትህ ጋር ደግሞ ስለ ቅዳሜ ተነጋገር። እዚያ ብዙ ግጥሚያ በሰንበት ይውላል፤ ቤታችሁ ሰንበትን የሚጠብቅ ከሆነ መልሱን ከመፈረምህ በፊት እወቀው። እኔ በዚህ አልገባም።

ልጆቹ የእስራኤሉን ተጫዋች ኤሊ ዳሳን ያነሡብኛል። ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የሄዱ ናቸው፤ እርሱ ግን የተወለደው እዚያው ኔታንያ በ1992 እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ ዕብራይስጡ ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት አለ። የቀኝ መስመር ተከላካይ ነው። ስደተኛነቱ የመጣው ኋላ ነው፤ በ2019 ወደ ሆላንዱ ቪቴስ፣ በ2022 ወደ ዲናሞ ሞስኮ። በዚያው በ2022 የእስራኤልን ብሔራዊ ቡድን በአምበልነት መራ፤ ከኢትዮጵያዊ ቤተሰብ የተገኘ የመጀመሪያው አምበል ነው። አምበል ማለት ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚናገር ሰው ነው።

ጫማህን ግን እዚህ ተወው። የአቧራ ሜዳ ጫማ ለሣር አይሆንም፤ እኔ ዘንድ 42 ቁጥር የሚጠብቁ ሁለት ልጆች አሉ።