ካርታ የከዳው ሰው እንዴት ይሰነብታል

አምስት ቅዳሜ በተከታታይ ቡናውን ያፈላሁት እኔ ነኝ። ደንባችን እንደዚያ ነው። ከካርታ ጨዋታው መጀመሪያ ተሸንፎ የወጣ ሰው ከሰል ያያይዛል፣ ቡና ይቆላል፣ ለቀሩት 7 ሰዎች ያፈላል። በአምስተኛው ቅዳሜ ባለቤቴ ብቅ ብላ «ዛሬም አንተው ነህ?» አለችኝ። ምን እላታለሁ? ካርታው እምቢ ብሎኛል። 7ና 2፣ 9ና 3፣ ጃክና 4። የዚያን ለሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ወረቀት አወጣሁና ማስላት ጀመርኩ።

በቅድሚያ ጨዋታችንን ልንገርህ። ደብረ ማርቆስ ነን፣ 8 ሰዎች፣ የምንጫወተው ቴክሳስ ሆልደም የሚባለውን ፖከር፤ ለየሰው ሁለት ካርታ በእጁ ይታደላል፣ የቀረው ጠረጴዛው ላይ ለሁሉም በጋራ ይገለጣል። መዋጮው 100 ብር። አንደኛ 500፣ ሁለተኛ 200 ይወስዳል፤ ለሦስተኛው 100 ብሩ ይመለስለታል። የወጣ ሰው እንደገና ከፍሎ አይገባም። በዚህ አልደራደርም። ደመወዝ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ይቀራል። ቺፕ፣ ማለትም መወራረጃ ጠጠር፣ ስለሌለን የቢራ ቆርኪ 500፣ ባቄላ 100፣ ሽምብራ 25 ነው። እያንዳንዱ ሰው 4 ቆርኪ፣ 8 ባቄላና 8 ሽምብራ ይዞ ይጀምራል፤ ድምሩ 3,000። ጥሬውን ተጠቀሙ። አንድ ጊዜ የተቆላ አቅርበን አንዱ ወዳጃችን ጨዋታው መሃል 300 ነጥብ ቆርጥሞ በላ።

እንግዲህ መጀመሪያ፣ እርግማን የለብህም። ሁለቱም ካርታ አንድ ዓይነት ሆኖ፣ ማለትም ጥንድ ሆኖ የሚደርስህ በአማካይ ከ17 አንዴ ነው። እኛ በእጃችን በውዘን ስለምናድል በሰዓት 25 ጊዜ ያህል እንጫወታለን። 25 ጊዜ ታድሎህ አንድም ጥንድ ያለማየት ዕድልህ ከመቶ 22 ነው። ስለዚህ 8 ሰው በተቀመጠበት በየሳምንቱ አንድ ወይም ሁለት ሰው የመጀመሪያውን ሰዓት ጥንድ ሳያይ ይጨርሳል። ሁለት ኤስማ፣ ከሁሉም የሚበልጠው ጥንድ፣ በአማካይ ከ221 አንዴ ነው። በኛ አካሄድ 9 ሰዓት ገደማ ተቀምጠህ ትጠብቀዋለህ።

ወረቀቱ ላይ ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ብላይንዱ፣ ካርታ ሳታይ ተራህ ሲደርስ የምታስገባው ግዴታ። በየእደላው ሁለት ሰው ይከፍለዋል፣ አንዱ ትንሹን፣ አንዱ ትልቁን፤ የኛ በ25 እና በ50 ይጀምራል። በየ20 ደቂቃው ወደ 50 እና 100፣ ከዚያ 75 እና 150፣ ከዚያ 100 እና 200 ያድጋል። 20 ደቂቃ ለኛ አንድ ሙሉ ዙር ነው፤ ሁሉም ሰው ሁለቱንም አንድ አንዴ ይከፍላል። የደረሰህን ሁሉ ብትጥል፣ ማለትም ሳትወራረድ ካርታህን ብትደፋ፣ በመጀመሪያው ዙር 75፣ በሁለተኛው 150፣ በሦስተኛው 225 ትከፍላለህ። ከአንድ ሰዓት በኋላ 2,550 አለህ። የጎደለው 450 ብቻ ነው፤ ምንም አይመስልም። ግን ስትጀምር 60 ትልቅ ብላይንድ ነበረህ። አሁን ትልቁ 200 ስለሆነ 13 እንኳ አይሞላልህም። አንድ ዙር ደግሞ ዝም በል፤ 2,250 ይዘህ 150 እና 300 ላይ ትገባለህ። ሰባት ተኩል። ቆርኪዎችህ ፊትህ ተደርድረው ይታዩሃል፣ አንተ ግን እያለቅህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቆርኪ መቁጠር ትቻለሁ። ያለኝን ለትልቁ ብላይንድ አካፍዬ የማገኘውን ቁጥር ብቻ ነው የምይዘው።

ቁጥሩ ከ20 በላይ ከሆነ፣ ጣል። ችግሩ እልህ ነው። ሃያ ጊዜ ከጣልክ በኋላ ኩዊንና ጃክ ሲመጡልህ ሙሽራ ይመስሉሃል። እኔን በሦስተኛው ቅዳሜ ያስወጣኝ ይኸው ነው። ከሁሉም ቀድሜ መናገር ያለብኝ ቦታ ላይ ነበርኩ፤ ከኋላዬ 7 ሰው አለ። ኩዊንና ጃክ ይዤ ገባሁ። ከመካከላችን ሹፌር የሆነው ኤስና ኩዊን ነበረው። ጠረጴዛው ላይ ኩዊን ወጣ፣ እኔም ደስ አለኝ፣ ቆርኪዎቼን በሙሉ ገፋሁለት፤ በኩዊን እኩል ሆነን ኤሱ በለጠኝ። ከእልሁ በፊት ያየሁት ካርታ ቢሆን በእግሬም አልነካውም ነበር።

ስትጥል ስልክህን አትጎርጉር። ሰው እይ። ባለ ፋርማሲው ብላይንዱን ከፍሎ ከፍ ያለ ውርርድ ሲመጣበት ወዲያው ይጥላል። ሹፌሩ ደግሞ፣ ዓባይ በረሃን ቁልቁል ሲወርድ እንደዚያ የሚጠነቀቅ ሰው፣ ካርታ ሲይዝ ፍሬን ይበጥሳል። ምንም ነገር አይጥልም። ይህን ማወቅ ከጥንድ ኪንግ ባይበልጥም ብዙ አይተናነስም።

ቁጥሩ ከ13 ሲወርድ ነው እንግዲህ ሥራው። ጥሩ ካርታ መጠበቅህን ተውና ጥሩ ቦታ ጠብቅ። አዳዩ አንተ ነህ፣ ከፊትህ ያሉት ሁሉ ጥለዋል፣ የቀሩት ሁለቱ ብላይንድ ከፋዮች ናቸው። ትልቁን የከፈለው እንደ ባለ ፋርማሲው ዓይነት ሰው ነው። ያኔ ያለህን በሙሉ አስገባ፣ ኦል ኢን። በ100 እና 200 ላይ ሁለቱም ከጣሉ 300 ታገኛለህ። አንድ ዙር የሚያስከፍልህም ልክ 300 ነው። በየዙሩ አንዴ ከተሳካልህ አንድም ካርታ ሳታሳይ ባለህበት ትቆያለህ። ለዚህ ደግሞ የጠላኸው ዝምታ ያግዝሃል። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲጥል የቆየ ሰው ድንገት ሲነሳ ሁሉም ኤስ የያዘ ይመስለዋል። ከተሳካልህ ካርታህን ገልብጠህ አታሳይ። ባሳየህ ቀን ያ እምነት ያልቃል።

በምን ካርታ? ብዙ ሰው ኤስና 3 ሲያይ ይደፍራል፣ 9ና 8 ሲያይ ይጥላል። ለኔ ግልባጩ ይሻላል። የሚከተልህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ነገር ይዞ ነው፤ ኤስና ኪንግ እንበል። ኤስና 3 ከሱ ጋር ሲጋጠም የሚድነው ከ4 አንዴ ገደማ ነው፤ ኤሱን ተጋርቶታልና። 9ና 8 ግን የራሳቸው መንገድ አላቸው። ከ10 ጊዜ 4 ለመሙላት ትንሽ ነው የሚቀራቸው። ጥንድ ኪንግ ላይ ከወደቅህማ በሁለቱም ብዙውን ጊዜ ተሸናፊው አንተ ነህ፣ ከሰልህን አያይዝ።

ከ5 በታች አትውረድ። 200 እና 400 ላይ 1,600 ይዘህ ብታስገባ ትልቁን ብላይንድ የከፈለው ሰው 1,200 ጨምሮ 2,200 ሊወስድ ነው። ባለ ፋርማሲው እንኳ አይጥልም። ማስፈራት አልቋል፣ የቀረህ እጣ ነው። ባለ ፋርማሲው ራሱ 3 ባቄላ በቀረው ቁጥር የጃክ ስትራውስን ታሪክ ያነሳል። እ.ኤ.አ. በ1982 ላስ ቬጋስ ውስጥ አንድ ቺፕ ብቻ ቀርቶት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ የሚባለውን ሰው። ሰውየው ማሸነፉ እውነት ነው። ግን ይህ ታሪክ ባለ ፋርማሲውን አስንፎታል ባይ ነኝ፤ ባቄላው እስኪያልቅ ቁጭ ይላል።

በስድስተኛው ቅዳሜም ካርታው አልመጣም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ መብራት ጠፍቶ በሻማ ነን። 100 እና 200 ላይ 2,400 ይዤ አዳይ ሆንኩ። 9ና 8። ሁሉም ጥለው ሲደርሰኝ ሙሉውን ገፋሁ። ትንሹን ብላይንድ የከፈለው ጣለ። ባለ ፋርማሲው ካርታውን አየ፣ እኔን አየ፣ ጣለ። ልጅ ሳለ ቅኔ ቤት የቆየ አንድ ጓደኛ አለን፣ «የኔታ» ነው የምንለው። ጢሙን እየዳበሰ «ሰሙን አየን፤ ወርቁስ?» አለኝ። ካርታዬን እንደተደፋ ከሌላው ጋር ቀላቀልኩት። በሚቀጥለው ዙር ደገምኩት። በሦስተኛው የኔታ ተከተለኝ፣ ኤስና ኪንግ ነበረው፣ የኔ 10ና 9 ግን 10 አገኘና ዳንኩ። ይሄኛው ዕድል ነው፣ አልክድም።

ሦስተኛ ወጣሁ፣ 100 ብሬ ተመለሰልኝ። ቀድሞ የወጣው ሹፌሩ ነበር። ቡናውን አሳረረው። አቦሉንም፣ ቶናውንም፣ በረካውንም ጠጣሁለት።